በእርሳስ የተጻፉ ስሞች

ጋሽ ጸሐፊ እስክሪብቶና እርሳስ ለየብቻ ነበር የሚይዙት። እስክሪብቶው ከሸሚዛቸው ኪስ አይጠፋም፤ እርሳሱ ከእድሩ መዝገብ ጋር በላስቲክ ታስሮ ይኖራል። ወርኃዊ መዋጮ፣ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ቅጣት፣ የተሰበረ ወንበር፣ በውሰት ወጥቶ ያልተመለሰ ድስት፣ ይህ ሁሉ በእስክሪብቶ ይሰፍራል። እርሳሱ ለምን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ስለነበሩ የአስተማሪ አመል ነው ብለን እናልፈዋለን። ስማቸውንም ቢሆን የሚጠራ አልነበረም። ለትልቁም ለትንሹም ጋሽ ጸሐፊ ነበሩ።

እድራችን ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመርካቶ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። እድር ምን እንደሆነ ላስረዳ ብል ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ስለ እኛው ልናገር ካልኩ ከአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጠውን ሰው ዓይነት ላንሳ። ቃለ ሕይወት አለ፣ ሙሉ ወንጌል አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ዱቦ ሚሲዮን የተጠመቀ ካቶሊክም አለ። አንዱ ተዝካር ያወጣል፣ ሌላው ተዝካር አይበላም። አንዱ ያስፈታል፣ ሌላው በመዝሙር ይሸኛል። ድንኳኑ ግን አንድ ነው፤ ድስቱም አንድ ነው። አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሱት ጎረምሶችም እነዚያው ናቸው። በልጅነቴ ከእነዚያ ጎረምሶች አንዱ ነበርኩ። የጥሩምባው ድምፅ ሌሊት ሲሰማ አባቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ ደጃፍ ላይ ይቆምና «የማነው?» ይላል፤ እኔ ደግሞ ነገ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ ብዬ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ምን ያውቃል!

ከእኔ ጋር ወንበር ይሸከሙ ከነበሩት ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። ደቡብ አፍሪካ መሄድን መጀመሪያ የጀመሩት የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ናቸው ሲባል ነበር የምንሰማው። ቆይቶ ለእኛም ደረሰ። አንዱ ሄዶ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ሌላው ለወንድሙ ባጃጅ ገዛ። የቀረው ሁሉ ዓይኑ በሩቅ ቀረ። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በገጠሩ ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው፤ ያንን ለአምስት ወንዶች ልጆች ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከጓሮ እንሰት አያልፍም። ስለዚህ ልጁ አባቱን በሬ ያሸጣል፣ አጎቱን ያስበድራል፣ ከደላላ ጋር ይነጋገርና አንድ ሌሊት መንገድ ይገባል። በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከኬንያ ታንዛኒያ፣ ከታንዛኒያ ማላዊ፣ ከዚያ በሞዛምቢክ ወይም በዛምቢያና በዚምባብዌ አድርጎ ጆሃንስበርግ። ሲነገር አጭር ነው።

በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ግዛት አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በጥቅምት 2015 ደግሞ በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ በሚባለው አውራጃ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። መጀመሪያ ቀን 25 አስከሬን ወጣ፤ በማግስቱ ሌላ ተጨመረ። ሁለት ወር ሳይሞላው በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ፤ አብሯቸው ከተጣሉት አንዱ ገና ይተነፍስ ነበር። እነዚህም የእኛው ናቸው ተባለ።

ዜናው በተሰማ ቁጥር ሰፈራችን ውስጥ የሚሆነውን አስታውሳለሁ። ለቅሶ የለም፤ ጥሩምባም አይነፋም። እናቶች ብቻ በየጓዳቸው ስልክ ይሞክራሉ። ያልተመለሰለት ይደግማል። ማታ ላይ አንዷ የሌላዋን ደጅ አንኳኩታ «ያንቺ ልጅ አነሳ?» ትላለች። ዜናው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ ስም የሌለው ሞት ደግሞ ለሁሉም ይደርሳል።

እድሩን ያስጨነቀው መጀመሪያ ሐዘኑ አልነበረም፤ ደንቡ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ለቀብር ማስፈጸሚያ ነው ይላል። ቀብር ከሌለስ? አንድ አባት ልጃቸው ታንዛኒያ በረሃ ውስጥ ሞቷል ብሎ አብሮት የነበረ ልጅ በስልክ ሲያረዳቸው ድንኳን እንዲተከልላቸው ጠየቁ። ገንዘብ ያዡ ደንቡን አነበበ። ሰብሳቢው ዝም አሉ። ጋሽ ጸሐፊ መዝገቡን ዘግተው «ይህ ሰው ሃያ ዓመት መዋጮ ከፍሏል፤ ልጁን የት እንደቀበረ ጠይቁት የሚል ደንብ ካለ ደንቡን ነው መቅበር» አሉ። ድንኳኑ ተተከለ። በሣጥን ፋንታ ጠረጴዛ ላይ የልጁ ፎቶ ተቀመጠ፤ የትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ የነበረች፣ ጥግዋ ላይ ማኅተም ያለባት ትንሽ ፎቶ አድጋ። ማኅተሙም አብሮ አድጎ ግማሽ ፊቱን ይሸፍን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የመታሰቢያ ነገር የተነሳው። ያነሱት ትልልቅ ሰዎች አይደሉም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ቀን ቀን መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠግኑ። «ለሁሉም ነፍቻለሁ፣ ለእነዚህ ግን አልነፋሁም» ብለው በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስተው ተቀመጡ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ኮሚቴ ይመረጥ ተባለና አምስት ሰው ተመረጠ። ጋሽ ጸሐፊ፣ ጥሩምባ ነፊው፣ የሬሳ ሣጥን የሚሠሩ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ታንዛኒያ እስር ቤት ከርሞ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ድጋፍ የተመለሰ ወጣት፣ እና አንዲት ልብስ ሰፊ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ከዚህ አያመልጥም።

ስለ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ትንሽ ልበል። የበኩር ልጃቸው ከማላዊ ደውሎ «ነገ እንነሳለን» ካለ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። ስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው ነበር የተነጋገሩት፤ ያን ቀን ይሰፉት የነበረውን የተማሪ ዩኒፎርም ጨርሰው ለባለቤቱ ሰጥተዋል። ሥራቸውን አላቆሙም፤ ከል አልለበሱም። ኮሚቴው ውስጥ የገቡትም ለመታሰቢያው ብለው ሳይሆን የልጃቸው ስም እንዳይጻፍ ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሣጥን ሠሪው ሽማግሌ የስሞቹ ዝርዝር ይነበብ አሉ። ጋሽ ጸሐፊ መዝገቡን ከመጨረሻው ገጽ፣ ከኋላ ከፈቱት። የእርሳሱን ሥራ ያን ዕለት ነው ያወቅነው። ከዓመታት ጀምሮ መንገድ የገባውን ልጅ ሁሉ በእርሳስ ጽፈዋል። ስም ከነአያት፣ የወጣበት ወር፣ መጨረሻ የደወለበት አገር። ደርሶ የደወለው ተሰርዟል። ላጲሱ ያረፈበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያስተላልፋል፤ የሞቱ ወሬ በእማኝ የተረጋገጠው ደግሞ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ተደግሟል። የቀረው እንደ እርሳስ ቀርቷል። እትዬ መዝገቡን ወደራሳቸው አዙረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የልጃቸው ስም ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እስክሪብቶ እንዳይነካው» አሉ። «አይነካውም» አሏቸው ጋሽ ጸሐፊ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ለመያዝ ምን እንዳነሳሳቸው ጠይቄያቸው ነበር፤ ሀይታ ቱኬ እየጠጣን፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ። የቡና ቅጠሉን በዳጣና በነጭ ሽንኩርት አጣፍጠው ማፍላት የሚያውቁት ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሽ ጸሐፊ በ1977 ቦሎሶ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ነበሩ። የእኛ አገር ረሃብ ለመንገደኛ ዓይን አይታይም፤ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ እንሰቱ ቆሟል። ግን በልጉ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ካልተተከለ፣ ሰውም እንሰቱን ሳይደርስ እየቆረጠ ከበላው፣ በዚያ አረንጓዴ መሃል ሰው ይረግፋል። በዚያ ዓመት ከክፍላቸው የቀሩ ተማሪዎችን የስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያሉ ምልክት ያደርጉ ነበር። ወሩ ሲያልቅ የስም መጥሪያው ለቢሮ ይሰጣል፤ አዲሱ ሲመጣ ስሞቹ የሉበትም። «እነዚያን ልጆች ቀሪ ብዬ ነው የሸኘኋቸው» አሉኝ። ሁለተኛ አላነሱትም።

እንግዲህ እኛ መታሰቢያ ሠርተን አናውቅም። ሶዶ ማስታወስ አያቅታትም፤ በ1887ቱ ዘመቻ ቁስለኛ ሆነው የተማረኩትን ካዎ ጦና ጋጋን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ሚሲዮናውያኑ በ1929 በጣሊያን ተገደው ሲወጡ ከኋላ የቀሩትን 48 የተጠመቁ አማኞችና በግርፋት የጸናውን ዋንዳሮን የቃለ ሕይወት ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሳሉ። ግን ይህ ሁሉ የንጉሥና የእምነት አርበኛ ታሪክ ነው። በሬ አሽጦ ሄዶ ኮንቴይነር ውስጥ የታፈነ የሃያ ዓመት ልጅ እንዴት ይታወሳል? ሌሎች የሠሩትን እንይ ተባለና በሆሳዕና በቡታጅራ አድርገን አዲስ አበባ ሄድን። ጋሽ ጸሐፊ፣ እትዬና እኔ።

መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ነው የተከፈተው። መርቀው የከፈቱት ባለሥልጣን አይደሉም፤ አራት ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናት፣ ወይዘሮ ከበቡሽ አድማሱ ናቸው። ያሠሩትም በአብዛኛው እንደሳቸው ያሉ ሰዎች፣ ከእስር የተረፉና የሟች ቤተሰቦች፣ እያዋጡ ነው። ከደርግ ውድቀት እስከዚያች ቀን 19 ዓመት አልፏል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ደም የሞላ ጠርሙስ ወርውሮ የሰበረው እዚያው አደባባይ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ለምን እዚያ እንደቆመ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከደጁ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። ውስጡ ከመቃብር የወጣ አጥንት በመስታወት ውስጥ፣ የተበሳሳ ልብስ፣ ከዚያ ደግሞ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ።

እትዬ አጥንቱ ጋ አልቆሙም። ፎቶዎቹ ጋ ግን ቆዩ፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ነውና የሸሚዙን ኮሌታ ሳይቀር እያዩ። የዚያ ዘመን ልጆች አፍሮ፣ ሰፊ ኮሌታ፣ አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ፎቶ። ጋሽ ጸሐፊ በበኩላቸው አስጎብኚውን የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ስሙን ከየት አገኛችሁት?

ከዚያ ጥያቄ በኋላ ያለውን እኔ ለብቻዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ደርግ ገዳይ ነበር፣ ግን መንግሥትም ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ይጽፋል። የታሰረበት ቀን፣ የመርማሪው ስም፣ «እርምጃ ይወሰድበት» የሚል ፊርማና ማኅተም። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያቆመው በምስክር ብቻ ሳይሆን በዚያ ወረቀት ጭምር ነው። የአርጀንቲና የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው የጅምላ መቃብር ሲቆፍሩ ከአጥንቱ ጋር የሚያመሳክሩት ስም ነበራቸው። በታኅሣሥ 1999 ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ የገዳዮቹ መዝገብ በራሳቸው ላይ መስክሯል።

የእኛ ልጆች ገዳይ ግን ምንም አይጽፍም። ደላላው የሚያውቀው ስልክ ቁጥርና የቀረ ሂሳብ ነው፤ ሲም ካርዱን ሲጥል ማኅደሩን አቃጠለ ማለት ነው። ልጁ ድንበር ሲሻገር መታወቂያውን ይጥላል፤ ቢያዝ ስሙን ይቀይራል። ማላዊ ጫካ ውስጥ አስከሬን የሚያወጣ ፖሊስ በእጁ ምንም የለውም። ስለዚህ ያ ልጅ መኖሩን፣ መውጣቱንና አለመድረሱን የሚያሳይ ብቸኛው ጽሑፍ የአንድ እድር መዝገብ ጀርባ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ስንሄድ ሐውልት እንዴት እንደሚሠራ ልናይ ነበር፤ ስንመለስ ሁላችንም የምናወራው ስለ መዝገቡ ነበር። ጋሽ ጸሐፊ መኪናው ውስጥ ቡታጅራ እስክንደርስ ዝም ብለው ቆይተው «ከሌሎቹ እድሮች መጀመር አለብን» አሉ።

ጀመሩም። በጡረታ እግራቸው ከሰፈር ሰፈር፣ ከዚያ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ፣ ወደ ሁምቦ ጠበላ እየሄዱ የየእድሩን ጸሐፊ ያነጋግራሉ። ታንዛኒያ ታስሮ የነበረው ወጣት አብሯቸው ይሄዳል። እሱ ለቤተሰብ የማይነገረውን ጥያቄ ያውቅበታል፤ ከማን ጋር ወጣ፣ ጥርሱ የተሰበረ ነበር ወይ፣ ከስልክ ጥሪው በስተኋላ ምን ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዳንዱ ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ ያሳያቸዋል፣ አንዳንዱ ከየት መጣችሁ ብሎ ያባርራቸዋል። ያባረራቸውን እኔ አልፈርድበትም። ስም መጻፍ ሟርት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ገንዘቡ ላይ ነው የተጣላነው። አንድ ቀን አንድ የሰፈራችን ሰው ለመታሰቢያው በአንድ ጊዜ እድሩ በዓመት ከሚሰበስበው የሚበልጥ ገንዘብ አቀረበ። የሰውየውን ሥራ ሁሉም ያውቃል፤ ግማሹን ሰፈር ሞያሌ ያደረሰው እሱ ነው። አንዳንዶቹ «ገንዘብ ምን አደረገ? ከልጆቹ የወሰደውን ለልጆቹ ይመልስ» አሉ። ሰብሳቢውም ወደዚያ ያዘነበሉ ነበሩ። ሣጥን ሠሪው ሽማግሌ የይሁዳን ሠላሳ ብር አስታወሱ፤ ካህናቱ እንኳን የደም ዋጋ ነው ብለው መባ ውስጥ አልጨመሩትም፣ የእንግዶች መቃብር ገዙበት አሉ። ይህ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ክርክሩን አባሰው፤ የእንግዶች መቃብር አይደል እኛስ የምንሠራው? የዘጉት እትዬ ናቸው። «ገንዘቡን ይያዘው፤ ስም ይስጠን። ማንን ማንን እንደሸኘ ተቀምጦ ለጋሽ ጸሐፊ ይንገራቸው።» ሰውየው ያን ቀን ወጥቶ ሁለተኛ አልመጣም። መዋጮውም ተቋረጠ፤ በደንቡ መሠረት ከእድሩ ተሰረዘ። በእስክሪብቶ።

ስለ ሐውልቱ መልክ ብዙ አልተከራከርንም፤ ለነገሩ እኔም ግድ አልነበረኝም። በየከተሞቻችን አደባባይ የሲሚንቶ ጀበና፣ የሲሚንቶ ኮባ፣ የሲሚንቶ ፈረስ ሞልቷል፤ አንድ ሲሚንቶ ቢጨመር የማንንም ልጅ አይመልስም። ሣጥን ሠሪው ሽማግሌ ከዝግባ የተሠራ፣ ስም የሚጨመርበትና የሚነሳበት ሰሌዳ ይሁን አሉ፤ ምክንያቱም ጆሃንስበርግ እስር ቤት ቆይቶ ከአራት ዓመት በኋላ የደወለ ልጅ አውቃለሁ አሉ። ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ላጲስ የለውም። ይህ ሐሳብ አሸነፈ።

ጋሽ ጸሐፊ ሰሌዳውን ሳያዩ አረፉ። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ከተማው ሁሉ ስለ መሬት ዋጋ በሚያወራበት ሰሞን ነው፤ እኛም ለቦታ ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ጥሩምባው ተነፋ። ከቦዲቲም ከአረካም የእድር ጸሐፊዎች መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መዝገቡን አሁን የያዘው ታንዛኒያ የነበረው ወጣት ነው። የእጅ ጽሕፈቱ እንደ ጋሽ ጸሐፊ አያምርም፤ ግን እርሳሱን ቀርጾ ይይዛል። የእትዬ ልጅ ስም እስክሪብቶ አልነካውም።

ቦታው ገና አልተሰጠንም። ሰሌዳው በሽማግሌው ግቢ፣ ከሣጥኖቹ ጎን በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። የሚያስቸኩለው ግን እሱ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ይህን የምታነቡ በወላይታም፣ በሀዲያም፣ በከምባታም ያላችሁ፣ ወይም ከዚያ ወጥታችሁ ሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ መንገድ ገብቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ቤታችሁ ካለ ስሙን ከነአያቱ፣ የወጣበትን ወር፣ አብሮት የወጣውን፣ መጨረሻ የደወለበትን አገር፣ በሰውነቱ ላይ ያለ ምልክት ካለም እሱን ለእድራችሁ ጸሐፊ አስጽፉ። በእርሳስ ይጻፍላችሁ።